ማዕበል ሲነሣ፦ በሸራ የምትሄድ የእንጨት ዓሣ ማጥመጃ ጀልባን እንዴት እንነዳለን?

ጀልባ የምትሰጥመው በአንድ ግዙፍ ሞገድ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጣጣው የሚጀምረው ከሰዓታት በፊት ነው። ያልታሰረ ሳጥን አለ። የፓምፑ አፍ በዓሣ ቅርፊት ተደፍኗል። አንዱ ደግሞ «ትንሽ እንቆይና ሸራውን እናወርዳለን» ብሏል። ሞገዱ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ ከታች ከምጽፈው ግማሹ ባሕሩ ገና ጸጥ እንዳለ ስለሚሠራ ሥራ ነው።

የማወራው ከሳንቃ ስለተሠራች፣ ርዝመቷ ከ6 እስከ 15 ሜትር ስለሚሆን፣ በዋናነት በሸራ ስለምትሄድ ጀልባ ነው። ሞተር ካላት እሰየው። ግን አትመኩበት። ታንኩ ሥር ለዓመታት የተኛው ዝቃጭ ጀልባዋ ስትናጥ ይነሣና የናፍጣ ማጣሪያውን ይደፍነዋል። ሞተሩ ጸጥ የሚለው ልክ በምትፈልጉት ሰዓት ነው። ደግሞ ይህን አንብቦ ብቻውን ወደ ክፉ ባሕር የሚወጣ እንዳይኖር። መጀመሪያ ከለመደ ሰው ጋር፣ በመካከለኛ ነፋስ ተለማመዱት።

1. ሳንቃውን እዩ

የእንጨት ጀልባ የብስ ላይ ስትቆይ ትደርቃለች። ሳንቃው ይኮማተርና በመሃል በመሃሉ ክፍተት ይፈጠራል። ውኃ ላይ ስትወርድ መጀመሪያ ውኃ ታስገባለች። ከዚያ እንጨቱ ጠጥቶ ሲያብጥ ክፍተቱ ራሱን በራሱ ይገጥማል። ይህ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ አዲስ የወረደች ጀልባ ጸጥ ባለ ውኃ ላይ ታስራ ትደር። የገባውን እየቀዳችሁ ጠብቁ። ካበጠች በኋላም ማስገባቷን ካልተወች ችግሩ ድርቀት አይደለም፤ በሳንቃዎቹ መካከል የተጠቀጠቀው ጥጥ ወጥቷል ወይም ሳንቃው ተጎድቷል ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው ከውኃው መስመር በላይ ያለውን ሳንቃ ነው። እሱ ሁልጊዜ ፀሐይ ላይ ነው። በጸጥታ ቀን ውኃ አይነካውም፣ ስለዚህ ማንም አይጠረጥረውም። ነፋስ ሲነሣና ጀልባዋ በአንድ ጎኗ ስታጋድል ግን ያ የደረቀ ሳንቃ ውኃ ውስጥ ይገባል። ለወራት ጠብታ ያላስገባች ጀልባ በድንገት ታለቅሳለች። መላው ቀላል ነው። ጠዋትና ማታ ጎኗንና ወለሏን በባሕር ውኃ አርሷት። በጨው ውኃ እንጂ በዝናብ ውኃ አይሁን፤ ጨው የሌለው ውኃ ተኝቶበት ሲቆይ እንጨት ያበሰብሳል።

በሳንቃዎቹ መካከል የተጠቀጠቀውን ጥጥና ቅጥራን በደነዘዘ ቢላዋ ጫፍ ፈትሹት። ቢላዋው ያለ ትግል ከገባ ቦታው መታደስ አለበት። ምስማሮቹንም እዩ። ከምስማር ራስ ሥር ወደ ታች የወረደ ቡናማ የዝገት መስመር ካለ፣ ውስጥ ያለው ምስማር ቀጥኗል። የመሪውን ማጠፊያና የምሰሶውን እግር በእጃችሁ ነቅንቁ። እዚህ ትንሽ የሚነቃነቅ ነገር እዚያ ይሰበራል።

2. ክብደቱን ወደ ታች፣ ውኃውን ወደ ውጭ

ጀልባዋን ቀጥ አድርጎ የሚያቆማት ሆዷ ውስጥ ያለው ክብደት ነው፤ ድንጋይም ይሁን የአሸዋ ከረጢት። ይህ ክብደት መንቀሳቀስ የለበትም። ድንጋዩን በእንጨት ክፍልፋይ ውስጥ አድርጉና ከላዩ ሳንቃ ግጠሙበት። ስታጋድል ድንጋዩ ወደዚያው ጎን ከተንከባለለ ተመልሳ አትቃናም።

ውኃም እንደዚያው ነው፣ እንዲያውም ይብሳል። ሆዷ ውስጥ የተኛ አንድ ስንዝር ውኃ ቆማችሁ ሳላችሁ ምንም አይመስልም። ስታጋድል ግን በሙሉ ወደ ዝቅተኛው ጎን ይሮጥና የባሰ ያጋድላታል። ልቅ ሆኖ የተከመረ ዓሣም ልክ እንደ ውኃ ይፈስሳል። ለዚህ ነው የዓሣው ክፍል በሳንቃ የሚከፋፈለው። እርጥብ መረብ ወለል ላይ ከፍ አድርጎ መከመርም ያው ነው። እርጥብ መረብ ከባድ ነው፣ ከፍ ያለ ክብደት ደግሞ ጠላት ነው።

ሁለተኛው ነገር የውኃው መንገድ ነው። በጀልባዋ ጎድኖች ሥር ውኃው ወደ ፓምፑ የሚሄድባቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። እነሱ ከተደፈኑ ፓምፑ አየር ይስባል፣ ውኃው ደግሞ ፊት ለፊት ተኝቶ ይቀራል። እኔ ይህን የተማርኩት በጨለማ ነው። በደረቴ ተኝቼ፣ እጄን እስከ ብብቴ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ከትቼ፣ ከቀዳዳው የጎተትኩት የመረብ ክር፣ ቅርፊትና የገመድ ፍቅፋቂ አንድ ላይ ተፈትሎ አይጥ የሚያህል ጉቻ ሆኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ በቀዳዳዎቹ ሁሉ አንድ ቀጭን ገመድ አሳልፋለሁ፤ ሁለቱም ጫፎች ከላይ ይታሰራሉ። ውኃው አልሄድ ሲል ገመዱን ወዲያና ወዲህ መጎተት ነው። አለቀ።

ሁለት ጠንካራ ባልዲ ይኑራችሁ፤ እጀታቸው በገመድ የታሰረ። ፓምፕ ይበላሻል፣ ባልዲ አይበላሽም።

3. ሰማዩንና ቁጥሩን አብራችሁ አንብቡ

የአየር ትንበያ ሳትሰሙ አትውጡ። ስትሰሙ ግን ሁለት ነገር አስሉ።

የመጀመሪያው ነፋስ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን በሸራው ላይ የሚያሳርፈው ጫና አራት እጥፍ ይሆናል። ከ10 ኖት ወደ 20 ኖት ሲሄድ ነፋሱ «ትንሽ ጨመረ» ማለት አይደለም። አንድ ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። አየርላንድ የተወለደው የብሪታንያ ባሕር ኃይል መኮንን ፍራንሲስ ቦፎርት በ1805 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ያዘጋጀው የነፋስ መለኪያ ከ0 እስከ 12 ይሄዳል። ደረጃ 4፣ ማለትም ከ11 እስከ 16 ኖት፣ ነጭ አረፋ በብዛት መታየት የሚጀምርበት ነው። ደረጃ 6 ከ22 እስከ 27 ኖት ነው። ትንሽ ጀልባ እዚህ ስትደርስ ሸራዋ ቀድሞ ያጠረ መሆን አለበት። ደረጃ 8 ከ34 እስከ 40 ኖት ነው፤ እዚያ ላይ ስለ ዓሣ ማውራት ቀርቷል።

ሁለተኛው የሞገድ ቁመት ነው። ትንበያው «2 ሜትር» ሲል ትልቁ ሞገድ 2 ሜትር ነው ማለት አይደለም። ቁጥሩ ከሁሉም ሞገዶች ከፍተኛ የሆነው የአንድ ሦስተኛው አማካይ ቁመት ነው። በሰዓታት ውስጥ የዚያን እጥፍ የሚጠጋ ሞገድ መምጣቱ አይቀርም። 2 ሲባል 4 እንደሚመጣ አስባችሁ ተዘጋጁ።

ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ) ካላችሁ በየሰዓቱ መዝግቡ። በ3 ሰዓት ውስጥ ከ3 ወይም ከ4 ሄክቶፓስካል በላይ ከወረደ ፊታችሁን ወደ ወደብ አዙሩ። ወደ ምድር ወገብ በሚጠጋ አካባቢ ግፊቱ በየቀኑ በራሱ ሰዓት ጥቂት ከፍ ዝቅ ስለሚል የተለመደውን አስቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ። ነፋስ ሳይኖር ከሩቅ የሚመጣ ረጅም፣ ዝግ ያለ ሞገድ ካያችሁም አንድ ቦታ ላይ ማዕበል አለ ማለት ነው።

4. ሸራውን ቀድሞ ማሳጠር

መቼ? የመሪውን እጀታ ለመያዝ ሁለት እጅ ሲያስፈልጋችሁ፣ ወይም የጀልባዋ ጠርዝ በየደቂቃው ውኃ መንካት ሲጀምር። ከዚያ በላይ መጠበቅ ጀግንነት አይደለም፤ ሥራውን ከእጥፍ በላይ ማክበድ ነው። በሸራቸው የታችኛው ክፍል ላይ የማሳጠሪያ ማሰሪያ ላላቸው ጀልባዎች አካሄዱ እንዲህ ነው፦

ሀ. የሸራውን መቆጣጠሪያ ገመድ ልቀቁና ጀልባዋን በከፊል ወደ ነፋሱ አዙሩ። ሸራው ይርገብገብ እንጂ ነፋስ አይያዝ።

ለ. መስቀያውን ገመድ እያላላችሁ ሸራውን እስከሚቀጥለው የማሰሪያ ረድፍ አውርዱት።

ሐ. በመጀመሪያ በምሰሶው በኩል ያለውን የፊተኛውን ማዕዘን እሰሩ። ከዚያ መስቀያውን መልሳችሁ አጥብቁ።

መ. የኋላውን ማዕዘን ወደ ኋላም ወደ ታችም ስባችሁ እሰሩ። ጉልበቱን ሁሉ የሚሸከሙት እነዚህ ሁለት ማዕዘኖች ናቸው።

ሠ. መሃል ያሉትን ትናንሽ ማሰሪያዎች በመጨረሻ፣ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ። ሥራቸው የተረፈውን ጨርቅ መሰብሰብ ብቻ ነው። አጥብቃችሁ ካሰራችኋቸው ሸራው ከዚያው ይቀደዳል።

ሸራውን መልሳችሁ ስትዘረጉ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ መጀመሪያ የሚፈቱት ትናንሾቹ ናቸው። ቋጠሮው ሁሉ በአንድ ጉተታ የሚፈታ ይሁን። እርጥብ ገመድ ሲያብጥ ጥርስም አይፈታውም።

በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ የሚታወቁት፣ ሰያፍ በቆመ ረጅም ግንድ ላይ ሸራ የሚሰቅሉ ጀልባዎች ደግሞ ሌላ ልማድ አላቸው። ሸራውን ከማሳጠር ይልቅ ትልቁን አውርደው ትንሹን ይሰቅላሉ። አቅጣጫ ሲቀይሩም ብዙ ጊዜ ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጥተው ይዞሩና ግንዱን በምሰሶው ፊት አሻግረው ወደ ሌላው ጎን ያዞሩታል። በብርቱ ነፋስ ይህ የቀኑ አደገኛ ሥራ ነው። ግንዱን ዝቅ አድርጉት፣ ሰው ሁሉ ቦታውን ይያዝ፣ ሁለት ሞገዶች መካከል ጸጥ ያለ ቅጽበት ጠብቁ። አስቸኳይ ካልሆነ እንዲያውም አትዙሩ።

አንድ ሕግ ለሁሉም ይሠራል። የመቆጣጠሪያውን ገመድ በፍጹም ቋጥራችሁ አትተዉት። እንጨቱ ላይ አንዴ ወይም ሁለቴ ጠምዝዙት፣ ጫፉን ሰው ይያዘው። ድንገተኛ ነፋስ ሲመታ እጅ መክፈት ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

5. ሞገዱን በየት በኩል እንቀበለው?

ወደ ነፋሱ ስትሄዱ ሞገዱን ፊት ለፊት አትግጠሙት፣ ጎናችሁንም አትስጡት። በ45 ዲግሪ ገደማ ሰያፍ ተቀበሉት። ሽቅብ ስትወጡ አፍንጫዋን ጥቂት ወደ ነፋሱ አዙሩ። ጫፉን እንዳለፋችሁ መልሷት፣ ቁልቁለቱ ላይ ፍጥነት ትሰብስብ። ፍጥነት ከሌላት መሪው አይሰማም። ከመጠን በላይ ከፈጠነች ደግሞ ከጫፉ ላይ ዘልላ ሆዷ ጠፍጣፋ ውኃ ላይ ይወድቃል። ድምፁ እንደ በር መጠርቀም ነው። ለእንጨት ጀልባ ያ ድምፅ ሳንቃና ጥጥ ተላቀቁ ማለት ሊሆን ስለሚችል፣ ከሰማችሁት ፍጥነት ቀንሱና ሆዷን እዩ።

ጎንን ለሞገዱ ሰጥቶ መሄድ ከሁሉ የከፋ ነው። ከባድ አረፋ ይዞ የሚሰበር ሞገድ ከጀልባዋ ርዝመት አንድ ሦስተኛ ከሆነ ሊገለብጣት ይችላል። 9 ሜትር ለሆነች ጀልባ 3 ሜትር ማለት ነው። ይህ ጉዳይ በስፋት የተጠናው በ1979 (እንደ አውሮፓውያን) በፋስትኔት የጀልባ ውድድር ላይ ማዕበል 15 ተወዳዳሪዎችን ከገደለ በኋላ ነው። የግድ ወደ ጎን መሄድ ካለባችሁ ቀጥ ብላችሁ አትሂዱ። ጥቂት ወደ ሞገዱ፣ ጥቂት ከሞገዱ ጋር፣ እየተጠማዘዛችሁ አቋርጡ።

ከነፋስ ጋር መሸሽ ምቹ ይመስላል። ነፋሱ የቀነሰ ይመስላችኋል፣ መንቀጥቀጡም ይቀላል። ግን ተጠንቀቁ። ሞገድ ከኋላ አንስቶ ሲወረውራት አፍንጫዋ ከፊት ያለው ውኃ ውስጥ ይቀረቀራል፣ ኋላዋ ይዞራል፣ ጎኗን ለሚቀጥለው ሞገድ ትሰጣለች። ምልክቱን በእጅ ታውቁታላችሁ። የሞገዱ ጫፍ ከሥራችሁ ሲያልፍ የመሪው እጀታ በድንገት ይቀላል፣ ምንም እንዳልያዛችሁ ባዶ ይሆናል። ውኃው ከጀልባዋ ጋር አብሮ ስለሚሮጥ ነው። ይህ ከተደጋገመ ፍጥነታችሁ በዝቷል። ያላችሁን ረጅምና ወፍራም ገመድ አውጡ፣ አንዱን ጫፍ ከኋላ በቀኝ ሌላውን በግራ እሰሩና መሃሉን ወደ ውኃው ልቀቁት። የሚጎተተው ገመድ ፍሬን ይሆናል፣ ኋላዋንም ቀጥ አድርጎ ይይዛል። መሪ የያዘው ፊቱን ይይ፤ ሌላ ሰው ወደ ኋላ ይቀመጥና ትልቅ ሲመጣ ይጩህ።

6. መሄድ ሲያቅት መቆም

ይህን ሰው ስለሚፈራው ያዘገየዋል። በኔ እምነት ግን ለደከመ ቡድን ከሁሉ የተሻለው ምርጫ ነው፤ ከዳርቻ ርቃችሁ ከሆነ።

ተንሳፋፊ መልሕቅ ማለት ከሸራ ጨርቅ የተሰፋ፣ እንደ ሾጣጣ ከረጢት ቅርጽ ያለው ውኃ ያዥ ነገር ነው። ከአፍንጫዋ በረጅም ገመድ ይለቀቃል፣ ጀልባዋ ፊቷን ለሞገዱ ሰጥታ ቀስ እያለች ትንሳፈፋለች። ገመዱ አይጠር። የጀልባዋ ርዝመት አሥር እጥፍ ይሁን፤ ለ10 ሜትር ጀልባ 100 ሜትር። ገመዱ ጠርዝ የሚነካበትን ቦታ በጨርቅ ጠቅልሉት፣ በየሰዓቱም ጥቂት ልቀቁለት፤ አለዚያ እዚያው ቦታ ላይ ተፈግፍጎ ይበጠሳል። መሪውን መሃል ላይ ቀጥ አድርጋችሁ እሰሩት። ጀልባዋ ወደ ኋላ ስትገፋ የላላ መሪ ይሰበራል።

እሱ ከሌላችሁስ? ዓሣ አጥማጅ ምንጊዜም የሚተካው ነገር አለው። ተንሳፋፊ መረብ የሚጥሉ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ በመረባቸው ላይ ተይዘው ማዕበል ያሳልፋሉ። መቅዘፊያና ትርፍ ሸራ አንድ ላይ ታስሮም ይሠራል።

ከዚያ ሒሳብ ሥሩ። በ2 ኖት ፍጥነት የምትንሳፈፍ ጀልባ በ10 ሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ነፋሱ ወደ ዳርቻ የሚገፋችሁ ከሆነና ያን ያህል ቦታ ከሌላችሁ መቆም አይቻልም። እንደምንም ወደ ነፋሱ መታገል ነው።

ዘይትም ይረዳል። ቤንጃሚን ፍራንክሊን ዘይት ውኃን እንዴት እንደሚያረጋጋ በ1774 (እንደ አውሮፓውያን) ጽፎበታል፤ መርከበኞች ግን ከሱ በፊትም ያውቁታል። የዓሣ ወይም የአትክልት ዘይት የጠጣ ጨርቅ በቀዳዳ ከረጢት አድርጋችሁ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል አንጠልጥሉ። ሞገዱ አይጠፋም፣ ጫፉ ግን ያን ያህል አይሰበርም። ናፍጣ አትጠቀሙ። ቀጭን ነው፣ ብዙም አይረባም፣ ባሕሩንም ይመርዛል።

7. ሰዎቹ

የሕይወት አድን ጃኬት የሚለበሰው ነፋሱ ከመነሣቱ በፊት ነው። ወለል ላይ የሚሠራ ሰው ወገቡ ላይ ገመድ ይኑረው። መሪ ላይ አንድ ሰው ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቆይ፤ የደከመ እጅ ዘግይቶ ነው የሚያዞረው። ሆድ ባዶ አይሁን፣ የሚጠጣ ውኃም ከእጅ አይራቅ።

ቢላዋ በቀበቶ ላይ ይሁን። መረብ ከሥር ድንጋይ ይዞ ኋላዋን ወደ ታች ከጎተታት፣ ሞገድ እየመጣ ከሆነ ቁረጡት። ያንገበግባል፣ አውቃለሁ። ቁረጡት።

ሰው ከወደቀ አንድ ሰው ሥራው ማየት ብቻ ይሁን፤ ጣቱን ወደሱ ቀስሮ ዓይኑን አይንቀል። በሞገድ መካከል አንድ ጭንቅላት በሰከንዶች ይጠፋል። የመረብ ተንሳፋፊዎችን ወዲያው ወርውሩለት። ውኃው ቀዝቃዛ ከሆነ የመጀመሪያዋ ደቂቃ ትንፋሽን የመቆጣጠሪያ ናት፤ 10 ደቂቃ ያህል ጣቶቹ ይታዘዙታል፤ ከዚያ በኋላ ገመድ ቢሰጡትም መጨበጥ ያቅተዋል።

ቪኤችኤፍ ሬዲዮ ካላችሁ የአደጋ ጥሪው በቻናል 16 ነው። «ሜይዴይ» ሦስት ጊዜ፣ የጀልባዋ ስም፣ ያላችሁበት ቦታ፣ የደረሰው ነገር፣ የሰዎች ብዛት። እንጨት በራዳር ላይ በደንብ አይታይም፤ ስለዚህ ከብረት የተሠራ የራዳር አንጸባራቂ ምሰሶው ላይ ስቀሉ።

8. ወደብ መግባት

ብዙ ጀልባ ማዕበሉን አልፎ የሚጠፋው በር ላይ ነው። ሞገድ የሚሰበረው የውኃው ጥልቀት ከቁመቱ 1.3 እጥፍ ገደማ ሲሆን ነው። 2 ሜትር ሞገድ 2.6 ሜትር ውኃ ላይ ይሰበራል። ባሕሩ እየሸሸ የሚወጣው ውኃ ከሚመጣው ነፋስ ጋር ሲጋጭ ደግሞ ሞገዱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ውኃው ወደ ውስጥ የሚሞላበትን ሰዓት ጠብቁ።

ከባሕር በኩል ስታዩት በሩ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ የምታዩት የሚሰበሩትን ሞገዶች ጀርባ ነውና። ሩብ ሰዓት ቆማችሁ ቁጠሩ። ትላልቆቹ በቡድን ይመጣሉ፣ ከዚያ ትንሽ ፋታ ይኖራል። በፋታው ግቡ። የአንዱን ሞገድ ጀርባ ተከተሉ፣ አትቅደሙት። የሚያጠራጥር ከሆነ ውጭ ማደር ይሻላል።

ከታሰራችሁ በኋላ፣ ልብስ ሳትቀይሩ፣ ባትሪ ይዛችሁ ወደ ሆዷ ውረዱ። ውኃ የገባበትን እያንዳንዱን የሳንቃ መገጣጠሚያ ጠርጉና በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። ነገ ሲደርቅ የት እንደነበር አይታይም።